ርሆቦት የወደቀችበት ማክሰኞ

ጥር 18፣ ሰኞ

እማዬ ዛሬም ሰው ስታሳምን ዋለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማለት በየሰው በር ቆሞ «አንድ አፍታ ላነጋግርዎት» የሚል ሰው ነው። ግማሹ በር ይከፍትለታል፣ ግማሹ ውሻ ይፈታበታል። የእኛ ሰፈር ደግሞ ዳገት ስለሆነ ውሻው ከላይ ተንደርድሮ ነው የሚመጣው።

የሰሞኑ ወሬ ክትባት ነው። በሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ትምህርት ቤታችን ውስጥ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ይሰጣል፣ ለሴቶች ብቻ። የክፍላችን ወንዶች በየተራ እየመጡ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለውናል።

እትዬ አባይነሽ በራችን ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው። ስኳር ሊያልቅባቸው ይችላል፣ ወሬ አልቆባቸው አያውቅም። እማዬን ጠርተው «እኔ እንኳ አልቃወምም፣ ጋዲሴ» አሏት። እሳቸው «አልቃወምም» ካሉ ወንበር ፈልጎ መቀመጥ ነው የሚሻለው። ስልካቸውን አወጡና መርፌውን ወስዳ እጇ ደረቀ የተባለች ልጅ አሳዩን። እማዬ «የት አገር ነው?» ብትላቸው «ውጭ አገር» አሉ። «መቼ?» ብትላቸው «ቅድም ነው የደረሰኝ» አሉ።

እማዬ ሳትስቅ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። የእሷን ድርሻ እኔ ሳቅሁላት። በዓይኗ ቆነጠጠችኝ።

ጥር 21፣ ሐሙስ

ርሆቦት አስማለችኝ።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነን። እሷ ታጠናለች፣ እኔ አያለሁ፤ ውጤታችን የሚመሳሰለው ለዚህ ነው። እናቷ እትዬ ወርቅውሃ ከታኅሣሥ ጀምሮ እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ ናቸው። ምን እንዳመማቸው ስትጠየቅ «ሆዷን ነው» ትላለች። ሰፈሩም «ሆዷን ነው» ይላል፣ ከዚያ ሁሉም ድምፁን ይቀንሳል። ለሆድ ቁርጠት ድምፁን የሚቀንስ ሰው አይቼ አላውቅም።

አባቷ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ሰላምታቸው እንኳ አጀንዳ አለው፤ አንደኛ ጤና፣ ሁለተኛ ትምህርት፣ ሦስተኛ ልዩ ልዩ።

ከሰኞ ጀምሮ ነነዌ ነው። ርሆቦት ሦስቱን ቀን እህል ውሃ ሳትቀምስ ልትቆይ ተስላለች፣ ለእናቷ። አባቷ አያውቁም። ስለት ሳይደርስ ከተወራ ይበላሻል ባይ ነች። «አብረሽኝ ትጾሚያለሽ?» አለችኝ። እኔ ትልቅ ነገር ሲጠይቁኝ ቶሎ ነው እሺ የምለው፤ የሚከብደኝ ትንሽ ትንሹ ነው። «ማርያምን» ብዬ ማልኩ፣ ለመጾሙም፣ ላለመናገሩም።

ቆይ ግን፣ ማክሰኞ ክትባቱ አይደል እንዴ? ቀኑን የቆረጠው ሰውዬ ቤቱ ካላንደር የለውም?

ጥር 25፣ ሰኞ

በረፍት ሰዓት። ቸኩያለሁ። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ሻይ አፍልተው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ «በልታችሁ ሂዱ፣ የነነዌው ነገር ለእኛ ለትልልቆቹ ይብቃን» ብለው ነው የወጡት። ርሆቦት ድርሻዋን ለታናሽ እህቷ ለማስተዋል አብልታ መጣች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ግን ፈገግ ትላለች። እንደዚህ ፈገግ ስትል እፈራታለሁ።

ሰባት ሰዓት። ሆዴ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቷል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ወሰን፣ ጋራዡ ያለበት ሰፈር፣ ላከችኝ፤ አባዬ ስልኩን ረስቶ ጋራዥ ሄዶ። ወሰን ታክሲ መያዣው ጋ ዘይት ይሸታል። ደህና ነኝ። ስለ ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለም።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

የዛሬውን በተራ ነው የምጽፈው።

ሜዳው ላይ ተሰለፍን። የጥር ፀሐይ አናት ትበሳለች። የባዮሎጂው መምህር አካሉ ቁርስ ያልበላች ልጅ ካለች ወጥታ ወላጅ ይዛ ትምጣ ብሎ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። ወላጅ ከሚመጣ መዋሸት ይሻላል። ነርሷም እያንዳንዳችንን ትጠይቃለች፤ ሁላችንም «በልቻለሁ» እንላለን። ርሆቦትም አለች። እኔም አልኩ።

እማዬ ጠረጴዛው ጋ ቆማ ስም ትጠራ ነበር። ርሆቦትን ትከሻዋን ይዛ «አይዞሽ የእኔ ጎበዝ» አለቻት። መርፌው እንደ ትንኝ ንክሻ ነው፣ ብዙም አይታወቅም። ርሆቦት አግዳሚው ላይ ትንሽ ተቀመጠች፣ ከዚያ ተነሣች። ከገመድ ላይ እንደሚንሸራተት ልብስ ነው የወደቀችው፣ ድምፅ ሳታሰማ። ያየቻት ልጅ ጮኸችና ወደቀች። ጩኸቱን የሰማች ሌላ ልጅ ደግሞ ተከተለች።

ነርሷ ስኳር በውሃ በጥብጣ ለርሆቦት አቀረበችላት። ርሆቦት ዓይኗን ገለጠች፣ ኩባያውን አየች፣ ጥርሷን ግጥም አደረገች። ቢለምኗት፣ አገጯን ቢይዟት አልከፍትም አለች። ከአጥሩ ውጭ ስልክ ይዘው የሚቀርጹ ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ሴትዮ «መርዙ አፏን ዘጋው» ብላ ጮኸች። ሌሎቹ ተቀባበሉት።

ርሆቦት ግን የምታየው እኔን ነበር። ለምን ጥርሷን እንደገጠመች ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዝም አልኩ። ምያለሁ አይደል?

ሁለቱ ልጆች ወዲያው ተነሡ። ርሆቦትን አባቷ መጥተው ክሊኒክ ወሰዷት። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ ክንዴን ትንሽ ጠዘጠዘኝ እንጂ። በተፈጥሮዬ ጠንካራ ነኝ።

ጥር 27፣ ረቡዕ

የወደቁት ሦስት ናቸው። ጠዋት እትዬ አባይነሽ ሱቅ ስሄድ ሰባት ሆነው ቆዩኝ። ከሰዓት ሳሙና ልገዛ ስሄድ አሥራ አንድ ደርሰዋል፣ አንዷም ሞታለች። «ማን ትባላለች?» አልኳቸው። ስሟ ተደብቋል አሉኝ። እኔም እኮ ተወግቻለሁ ብላቸው ሳሙናውን በእጄ ከመስጠት ባንኮኒው ላይ ገፋ አደረጉልኝ።

ክፍል ውስጥ ወንዶቹ መቀለድ ትተዋል። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው።

የካቲት 1፣ እሑድ

የእድር ስብሰባ ነበር። አጀንዳው ድንኳን ማስጠገን ነው፤ ድንኳኑን ያስታወሰው ሰው ግን የለም። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ንግግር ሲያደርጉ «በመሠረቱ» ማለት ይወዳሉ፣ እኔና ርሆቦት ጣታችንን እያጠፍን እንቆጥርባቸው ነበር። ዛሬ አንዴም አላሉም።

እማዬ ተነሥታ አስረዳች። መርፌ ፈርቶ መውደቅ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፣ ፀሐይ ሲጨመርበት ይብሳል፣ ሆድ ባዶ ከሆነ ደግሞ በጣም ይብሳል አለች። ክንድ ማበጥ፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታት እንደሚኖር አልደብቅም አለች። ከኋላ አንድ ሰው «ጋዲሴ ተሸጠች» አለ። አይቼዋለሁ። አምና ልጁ በተቅማጥ ሲደክም ሮጦ የመጣው እኛ ቤት ነበር።

ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ በልታ ነው የወጣችው፤ ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ። ክሊኒክ ስትደርስ ስኳሯ ወርዶ ተገኘ። በልታ የወጣች ልጅ ስኳሯን ማን በላው?»

መልሱ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነበር።

«የክትባት ካርዷንም አንብቤዋለሁ» አሉ። «የዚያን በሽታ ስም ነው የጻፉባት።»

«የዚያን» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። የትኛውን ብሎ የጠየቀ የለም። ትልልቆቹ ሁሉ መሬት መሬቱን አዩ።

ርሆቦትን እንጦጦ ወስደዋታል፣ እናቷ ጋ። ጠበሉን እስክትጨርስ ትምህርትም ሐኪምም የለም ተብሏል።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

እትዬ አባይነሽ እንደሚሉት የተከተበች ልጅ አትወልድም። እኔ ልጅ አልፈልግም፤ የማስተዋልን ንፍጥ ካየሁ በኋላ ወስኛለሁ። ግን አልፈልግም ማለትና አትችዪም መባል አንድ አይደለም። ክንዴን በመስታወት አየሁት። ክንድ ነው።

እማዬን ጠየቅኳት፣ የምቀልድ መስዬ። የምቀልድ አለመሆኔን አወቀችብኝ። «ኢንተለ ኮ፣ እኔ ልጄን የማላውቀውን ነገር አላስወጋም» አለች፤ ኢንተለ ኮ በኦሮምኛ «ልጄ» ማለት ነው። ብዙ ዓመት የተሰጠባቸው አገሮች ልጆቹ አድገው ወልደዋል አለችኝ። መውለድ የሚከለክለው በሽታው ራሱ ነው አለች። ከዚያ «ከአንቺ ሌላ መጥቶ የጠየቀኝ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኩ። «ቢጠይቁኝ ኖሮ» አለችና ተወችው።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

አባዬም ጉድ ነው። ጋራዥ ውስጥ የተከተበ ሰው ብረት ይስባል ብለውታል። ከምሳ በኋላ ጋደም ስል የተኛሁ መስሎት ቀስ ብሎ መጣና አሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ ክንዴ ላይ ለጠፈ። ቁልፉ ፍራሹ ላይ ወደቀ። ሌላኛው ክንዴ ላይ ደገመው። ዓይኔን ሳልገልጥ «አሥራ አራቱን ሞክረው» አልኩት። አባዬ ሲያፍር ኦሮምኛ ነው የሚቀናው፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ወጣ።

እማዬ ሰምታ ሳቀች፣ ከስንት ቀን በኋላ። ሳቋ መሃል ላይ ቆመና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ዐቢይ ጾም ገብቷል። ማስተዋል ከእንጦጦ ወሬ ይዛ መጣች፤ ርሆቦት ጠበሉ ጋ እንደገና ወድቃለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም፣ ከዚያ በኋላም ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ትተዋለች። «ለአያንቱ ‹ሦስቱ ቀን አልሞላም› በያት ብላኛለች። ምን ማለት ነው?» አለችኝ ማስተዋል።

ክሊኒክ ውስጥ ግሉኮስ በክንዷ ስለገባ ስለቴ ፈረሰ ብላለች ማለት ነው። እንደ አዲስ ጀምራለች ማለት ነው። ለማስተዋል ግን ስለ ሒሳብ ነው አልኳት።

ሰፈሩ ምን እንዳለ መገመት ቀላል ነው። መርፌው እያሰለሰ ይጥላታል።

ዛሬ ለእማዬ አንድም በር አልተከፈተላትም። ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ፣ «ያን ቀን ርሆቦት በልታ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኩ።

የካቲት 11

«እንጃ» ውሸት አይደለም።

አይደለም አይደል?

የካቲት 12፣ ሐሙስ

የሚኒስትሪ ምዝገባ ሊዘጋ ነው። መምህር አካሉ ርሆቦት ካልመጣች ስምንትን ትደግማለች አለ። የማየው ደብተር ስለሌለ ሒሳብ ከሃያው ስድስት ብቻ አመጣሁ። ይህን ለማስቂያ ነበር የጻፍኩት።

የካቲት 13፣ ዓርብ

እሺ። ቦንቦሊኖ ነው።

ሰኞ፣ ወሰን፣ ታክሲ መያዣው ጋ። ሁለት፣ በሻይ። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ እማዬ የሠራችውን ፍርፍር በልቼ ወጣሁ። ከዚያ ርሆቦት አጠገብ ተሰልፌ ድምፄን እንደ ራበው ሰው አለሳልሼ አወራኋት። አንድ ነርስ፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ ሰልፍ፤ የበላችው ቆመች፣ ያልበላችው ወደቀች። መምህር አካሉ ይሄ ቢደርሰው ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስተምርበት ነበር።

ማርያምን ብዬ ሁለት ነገር ነው የማልኩት። መጾሙን አፍርሻለሁ። ታማኝ የሆንኩት ባለመናገሩ ብቻ ነው፤ እሱንም ካፈረስኩ ምኔ ይተርፋል? ደግሞ ርሆቦት ስለቷን እንዳወራሁባት ስትሰማ፣ ብቻዋን ስትራብ እንደነበርም ስታውቅ ምን ትለኛለች?

እማዬ በሌላው ክፍል ትሳላለች። ከተሰደበች ጀምሮ የመጣ ሳል ነው።

የካቲት 15፣ እሑድ

ወጣሁ። ማስተዋልና አባቷ ምግብ ይዘው እንጦጦ ሲሄዱ ርሆቦትን ልይ ብዬ ተከተልኳቸው። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ዘንቢሉን አንጠልጥለው በየመታጠፊያው ይቆማሉ፤ ለእኛ እረፍት የሰጡን ያስመስላሉ፣ የሚያለከልኩት ግን እሳቸው ናቸው። «እስቲ ባሕር ዛፉን ተመልከቱ» ይላሉ። እንጦጦ እስክንደርስ ብዙ ባሕር ዛፍ ተመለከትን።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ለጠበልተኛ የሚከራይ ክፍል ነው። እትዬ ወርቅውሃ ፍራሽ ላይ ተደግፈዋል። ነጠላው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ሽታም አለ፣ ስለ እሱ አልጽፍም። ርሆቦት ጥግ ይዛለች፤ አንገቷ ቀጥኗል። እሑድ ስለሆነ ጠዋት መብላት ይቻላል። ሽሮው ቀረበ፣ እሷ ግን እየጠቀለለች ለማስተዋል ታጎርሳለች።

«አየሽ ያደረጓትን» አሉኝ አባቷ።

አፌ ቀደመኝ። «ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ ከእሑድ ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር። ዳቦዋን ማስተዋል ነች የበላችው።»

ማስተዋል ማኘክ አቆመች። ርሆቦት «አያንቱ» አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ስለቱንና አብሬያት ልጾም መማሌን ተናገርኩ፣ የስኳሩን ውሃ ለምን እንዳልጠጣች ተናገርኩ፣ አሁን ለምን እንደማትበላ ተናገርኩ። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ እናትሽ አስጠንታሽ ነው አሉኝና ታስተባብላለች ብለው ልጃቸውን አዩ። ርሆቦት አለቀሰች እንጂ አላስተባበለችም።

«አንቺስ?» አሉ እትዬ ወርቅውሃ። ድምፃቸው ቀጭን ነው። «አብረሽ ጾመሽ የለም? ለምን አልወደቅሽም?»

«ቦንቦሊኖ በልቼ ነበር።»

«ስንት?»

«ሁለት። ማክሰኞ ደግሞ ፍርፍር።»

እትዬ ወርቅውሃ ሳቁ። ሆዳቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እያመማቸው ሳቁ። ሌላ የሳቀ ሰው የለም። ርሆቦት ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። መርፌውን እንኳ እንደዚያ አላየችውም።

ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ተነሡ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብለው፣ ለመሬቱ ነበር የሚናገሩት። መጾሟ ሌላ፣ ካርዱ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው አሉ። ያ ነገር አንዴ ቤታቸው መግባቱ ይበቃል፣ ለልጃቸው ደግሞ በመርፌ አይሰጧትም አሉ።

«ስሙን ጥራው» አሉ ሚስታቸው።

አልጠሩትም።

«የማህፀን በር ካንሰር ነው» አሉ እትዬ ወርቅውሃ ወደ እኔ ዞረው፣ የሱቅ ዕቃ እንደሚጠሩ ያህል። ለጨረር ሆስፒታል ወረፋ ይዘው ነው የሚጠብቁት፤ እስኪደርሳቸው ድረስ ጠበሉ ላይ ናቸው። ከዚያ ለባላቸው፦ «መርፌው ይሄ እንዳይነካት ነው። ዶክተሩ አስረድቶኛል፤ አንተ መስማት አቅቶህ ኮሪደር ላይ ቆመህ ነበር። ልጅቱን አብላትና አውርዳት።»

ርሆቦት አልወርድም አለች። ስለቱ ሳይሞላ ከወረድኩ እሷ ትሞትብኛለች አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። እናቷ ጠሯት፣ አስጠጉና በጆሮዋ አንድ ነገር አሏት። ለመስማት ሞክሬ ነበር፣ አልተሳካልኝም። ከዚያ እትዬ ወርቅውሃ ራሳቸው ጠቅልለው አጎረሷት። ረጅም ጊዜ አኘከችው። ዋጠችው። «ሁለተኛ ጉርሻ» አሉ።

ቁልቁል ስንወርድ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ አንድም ዛፍ አላሳዩንም።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ርሆቦት ክፍል ገባች። ተመዘገበች። ሌላ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። በረፍት ሰዓት ሳምቡሳ ስትበላ ከሩቅ አየኋት፣ እስከ መጨረሻው ድረስ አየሁ። ዞራ አላየችኝም።

እማዬ ነገሩን የሰማችው ከእትዬ አባይነሽ ነው። እሳቸው ዘንድ ቦንቦሊኖዎቹ አምስት ደርሰዋል፣ በላዩ ላይ ክትፎ አለበት። እማዬ ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቃት «እንጃ ነበር ያልሽኝ» አለች። ያቺን ብቻ። ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

ለእማዬ በሮች መከፈት ጀምረዋል፣ ሁሉም ባይሆኑም። አንዳንዶቹ ከፍተው የሚጠይቁት ስለ ክትባቱ ሳይሆን ስለ እኔ ነው። ሼም ነው፤ ግን ከውሻ ይሻላል።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

ላመለጣቸው ልጆች ጤና ጣቢያ ውስጥ ክትባት ነበር። እማዬ ወንበር እንዳቀብል ወሰደችኝ። የመጡት ጥቂት ናቸው። እትዬ አባይነሽም ነበሩ፣ ደም ግፊቴን ልለካ ነው ብለው፤ ከተለኩ በኋላም አልሄዱም።

ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ማስተዋልን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ርሆቦት ከኋላቸው ነበረች። አጠገቤ ያለው ወንበር ብቻ ነበር ባዶ፤ አየችው፣ አየችኝ፣ ተቀመጠች።

ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ሰላምታ አልሰጡም፣ አጀንዳም አልነበራቸውም። ተራቸው ሲደርስ እማዬ ፊት ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጋዲሴ፣ ይሄ ነገር በእናቷ ጊዜ ነበረ? እኛ ነን ያላወቅን?»

እማዬ ስታሳምን የምትጠቀምበትን ድምፅ ፈልጋ ያጣችው መሰለኝ።

«አልነበረም ጋሼ» አለች። «ለእሳቸው አልደረሰላቸውም።»

ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የማስተዋልን ሹራብ እጅጌ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ክርኗን አለፉ፣ ክንዷን አለፉ፣ እስከ ትከሻዋ አደረሱት። ነርሷ «ይበቃል አባባ» አለቻቸው። እሳቸው ግን ወደ ታች እንዳይመለስ በሁለት እጃቸው ይዘውት ቆዩ።